ንቀት ሂስ አይደለም

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያስገደደችኝ አንዲት ፌስታል ናት። በናይሮቢ ከተማ፣ ከአንድ የሐበሻ ምግብ ቤት በስተጀርባ ባለች ክፍል ውስጥ፣ አማርኛ አንባቢዎች አልፎ አልፎ እየተሰባሰብን ስለ መጻሕፍት እንጨዋወታለን። በአንደኛው ምሽት ስለ አማርኛ ልቦለድ ንግግር እንዲያደርጉልን አንድ የተማሩና አንደበተ ርቱዕ የሆኑ ሰው ተጋብዘው ነበር። ሰውዬው ስለ ሐዲስ ዓለማየሁ፣ ስለ ዳኛቸው ወርቁ፣ ስለ በዓሉ ግርማ ያማረ ንግግር አደረጉ። ከዚያም ድምፃቸውን ዝቅ፣ ከንፈራቸውን ጠመም አድርገው፣ «ሌላው ግን የአእምሮ ማስቲካ ነው፤ የስለላው፣ የነፍስ ግድያው፣ የፍቅር ልቅሶው፣ ከእንግሊዝኛ በጥድፊያ የሚገለበጠው ሁሉ ታኝኮ የሚተፋ ነገር ነው» አሉ። ቤቱ በሣቅ ሞላ። እኔም ሣቅሁ።

ከጎኔ የተቀመጠችው፣ ኢስሊ ውስጥ በአንድ ፀጉር ቤት የምትሠራ ወጣት ግን አልሣቀችም። በፌስታል ሁለት መጻሕፍት ይዛ ነበር፤ አንደኛው ሽፋኑ የወለቀ የሲድኒ ሼልደን ትርጉም፣ ሁለተኛው የሲሳይ ንጉሡ «ሰመመን»። አንብባ ስለጨረሰቻቸው ከሌላ ሰው ጋር ልትለዋወጣቸው ነበር የመጣችው። ሣቁ ጋብ ሲል ፌስታሏን በእግሯ ጫፍ ወደ ወንበሩ ሥር ገፋ አደረገቻት። ከዚያ ምሽት በኋላ ወደ ስብሰባችን አልተመለሰችም።

እንግዳችን ንግግራቸውን ጨርሰው ቡና ሲቀርብ ጠጋ ብዬ «ለመሆኑ ሼልደንን አንብበውት ያውቃሉ?» ስል ጠየቅኋቸው። «ለእሱ የሚሆን ጊዜ የለኝም» አሉኝ። ክርክሬ ከዚህች መልስ ይነሣል። ሰው ያላነበበውን መጽሐፍ ሊንቅ ይችላል፤ መብቱ ነው። ሊሄስ ግን አይችልም። የእኛ ሥነ ጽሑፍ ጉዳት እነዚህን ሁለቱን አንድ አድርጎ መቁጠሩ ላይ ነው። ሕዝብ እየተሻማ የሚያነበውን መጽሐፍ ሃያሲው ከነአካቴው አይገልጠውም፤ ገልጦም «ይህ እዚህ ላይ ይዋሻል፣ ይህ እዚህ ላይ ብልሃት አለው» አይልም። ትንታኔው ሁሉ በዐሥር በዐሥራ አምስት መጻሕፍት ዙሪያ ይሽከረከራል። የተቀረው ደግሞ በመጽሐፍ አዟሪው ክንድ ላይ ተደርድሮ፣ ያለ ዳኛ፣ ከካፌ ካፌ ሲዞር ይውላል።

አንባቢ እንዳይሳሳትብኝ። ልብ አንጠልጣይ ልቦለድ ሁሉ መልካም ነው ለማለት አልተነሣሁም። ከማነባቸው መካከል በገጽ ሃያ ላይ የሞተ ሰው በገጽ ሁለት መቶ ላይ ስልክ የሚያነሣበት፣ የመርማሪው ስም በመሐል የሚለወጥበት ሁሉ አለ። ትርጉሞቹ ደግሞ የባሰ ነገር አለባቸው፤ በእጄ ካሉት ውስጥ የዋናውን ደራሲ ስም በሽፋኑ ላይ ጨርሶ ያልጻፈ ይገኝበታል፣ ፈቃድ ስለመጠየቁ የሚናገር ገጽ ያለው ግን አንድም አላየሁም። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ነገር ግን ይህን ለማወቅ እንኳ ማንበብ ያስፈልግ ነበር።

እስቲ ከሼልደን እንጀምር። ይህ ሰው የመጀመሪያ ልቦለዱን ሲያሳትም እ.ኤ.አ. 1970 ነበር፤ ዕድሜውም 53 ደርሶ ነበር። ከዚያ በፊት የኖረው በፊልም ጽሑፍ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1947 ለወጣ አንድ ቀልደኛ ፊልም በጻፈው ድርሰት የኦስካር ሽልማት አግኝቷል። ልቦለዶቹን በአንደበቱ እየተናገረ ለጸሐፊ ያስጽፍ ነበር። ምዕራፉን የሚዘጋበት መንገድ ከዚህ ሁሉ የመጣ ይመስለኛል። በር ይንኳኳል፤ ማን እንደሆነ ሳይነግረን ምዕራፉ ያልቃል። ይህ ርካሽ ብልሃት ነው የሚል ይኖራል። ይሁን። ግን ሙሉ ቀን በእግሯ ቆማ የሰው ፀጉር ስትሠራ የዋለች ሴት፣ ማታ ዐይኗ እየተከደነ አንድ ምዕራፍ እንድትጨምር የሚያደርጋት ብልሃት በየመንገዱ ወድቆ አይገኝም። ብዙዎቹ የተከበሩ ደራሲዎቻችን ይህ ብልሃት ቢኖራቸው ምንኛ በጠቀማቸው!

ማሪዮ ፑዞም አለ። ሁለት ልቦለዶች ጽፎ ሃያሲያን አመሰገኑት፤ ገዢ ግን አጣ። ዕዳ አንገቱን ሲያንቀው፣ ለገንዘብ ብሎ እ.ኤ.አ. በ1969 «ዘ ጎድፋዘር»ን ጻፈ። ከሦስት ዓመት በኋላ ከፍራንሲስ ፎርድ ኮፖላ ጋር የፊልሙን ጽሑፍ አዘጋጀ፤ ፊልሙም ዛሬ በሲኒማ ትምህርት ቤት ሁሉ የሚጠና ሆነ። ያ «ለገበያ የተጻፈ» መጽሐፍ ስለ አባትና ልጅ፣ ስለ ሥልጣን ውርስ ምንም የሚናገረው ባይኖረው ኖሮ ኮፖላ ከየት አምጥቶ ይሠራው ነበር? ደራሲው ራሱ ኋላ ላይ መጽሐፉን ይበልጥ አሳምሬ በጻፍሁት ኖሮ ብሎ ተጸጽቷል። ይህ የአንድ ደራሲ ሐቀኛ ሂስ ነው፤ አንብቦታልና።

ወደ ቤታችን ስንመጣ ነገሩ ይከብዳል። «ነገም ሌላ ቀን ነው» የሚለውን የአማርኛ መጽሐፍ የማያውቅ አንባቢ ያለ አይመስለኝም። ማርጋሬት ሚቸል እ.ኤ.አ. በ1936 ያሳተመችውን «ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ» ነቢይ መኰንን ወደ አማርኛ የመለሰው በደርግ ዘመን በማዕከላዊ እስር ቤት ሆኖ ነው። ወረቀት ስላልነበረው በሲጋራ ፓኮ ውስጥ በሚገኘው ወረቀት ላይ ጻፈው። 3 ሺህ ያህል ብጥስጣሽ ወረቀት ሞላ። በየፓኮው እየተሸሸገ ጥቂት በጥቂት ወደ ውጭ ወጣ። አርእስቱንም ከመጽሐፉ ማብቂያ ወሰደ። በእስር ቤቱ ውስጥ ነገ መኖሩን እርግጠኛ ላልሆኑ ሰዎች እየተነበበላቸው ነበር።

እንግዲህ ይህን መጽሐፍ ምን እንበለው? በየትኛውም መለኪያ የገበያ ልቦለድ ነው። ውቢት ሴት፣ ጦርነት፣ ሦስት ባሎች፣ የማይገኝ ፍቅር፤ ከ1 ሺህ ገጽ በላይ የሚፈስ ታሪክ። እኒያ ሞት አፋፍ ላይ የተቀመጡ እስረኞች ግን ከዓለም ሥነ ጽሑፍ መርጠን እንስጣችሁ ቢባሉ ከዚህ የተሻለ መተንፈሻ የሚያገኙ አይመስለኝም። «ቀጥሎ ምን ይሆናል?» የሚለው ጥያቄ፣ ያ የናቅነው ተራ ጥያቄ፣ እዚያ ክፍል ውስጥ የመኖር ጥያቄ ነበር። ነቢይ መኰንን በ2016 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም ሲለይ ስለ ግጥሙና ስለ ጋዜጠኝነቱ ብዙ ተነገረ፤ የሲጋራ ወረቀቱም ታሪክ ተደጋግሞ ተወራ። ስለተረጎመው መጽሐፍ ይዘት ግን እምብዛም የተናገረ አልሰማሁም።

ደግሞም ሊነገር ይገባ ነበር። ምክንያቱም ይኸው መጽሐፍ ይዋሻል። የአሜሪካን ደቡብ የባሪያ አሳዳሪዎች ዓለም እንደ ጠፋች ገነት አድርጎ ይሥላታል። ባሮቹ ለጌቶቻቸው የሚያለቅሱ ታማኞች ናቸው፤ ነፃነት ያገኘው ጥቁር ደግሞ የሚያስፈራ። ነጮች ፊታቸውን ሸፍነው ጥቁሮችን ያሳድዱበት የነበረውን ኩ ክሉክስ ክላን መጽሐፉ በስሙ ጠርቶ በበጎ ዐይን ያየዋል። ፊልሙን የሠሩት ሰዎች ይህ እንደማያዋጣቸው ስለገባቸው የድርጅቱን ስም አወጡት፤ ድርጊቱን ግን «የፖለቲካ ስብሰባ» በሚል ሽፋን አስቀሩት። የጀግናዋንም ሦስት ልጆች አንድ አደረጓት። ፊልም መጽሐፍን ሲወስድ የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ የሚያሳፍረውን ይሸፍናል፣ የሚያዘገየውን ይቆርጣል፣ ዋናውን ውሸት ግን በቀለም አስውቦ ያስተላልፈዋል።

እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 15 ቀን 1939 ፊልሙ በአትላንታ ከተማ ሲመረቅ፣ የሞግዚቷን ሚና የተጫወተችው ሃቲ ማክዳንኤል በከተማው የዘር መለያየት ሕግ ምክንያት በምረቃው ላይ አልተገኘችም። በተከታዩ ዓመት ኦስካር ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር ተዋናይት ሆነች፤ በሽልማቱ ምሽት ግን ከባልደረቦቿ ተነጥላ በአዳራሹ ዳር በተቀመጠ ጠረጴዛ እንድትቀመጥ ተደረገ። አሜሪካውያን በዚህ ፊልም ላይ እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። እ.ኤ.አ. በ2020 አንድ ትልቅ የፊልም ማሳያ ድርጅት ለጥቂት ጊዜ አንሥቶት፣ ስለ ዘመኑ የሚያስረዳ ማብራሪያ ጨምሮ መልሶታል። ማንሣቱ ልክ ነበር ወይስ አልነበረም የሚለው ሌላ ጉዳይ ነው። እነርሱ ግን መጽሐፉንም ፊልሙንም ከቁም ነገር ቆጥረው ይከራከሩባቸዋል።

እኛስ? ፊልሙ አትላንታ ከታየ ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1934 ዓ.ም. ማለቂያ ላይ፣ ባርነትን በአዋጅ የሻረ አገር ልጆች ነን። በብዙዎቻችን ቤት አያቶች ዘንድ በሹክሹክታ የሚነገር ነገር አለ። ይህን መጽሐፍ በአማርኛ አንብበን ስናለቅስ ያለቀስነው ለማን ነው? ለእመቤቲቱ ወይስ ለሞግዚቷ? ይህን ጥያቄ የሚጠይቅ ሃያሲ የሚያስፈልገን ለዚህ መጽሐፍ ነበር፤ ምክንያቱም በብዙ ሺህ ሰው ልብ ውስጥ የገባው እርሱ ነው። «ማስቲካ ነው» ብሎ ያለፈ ሰው እስረኞቹን ካቆመው ኃይል ጋርም አልተገናኘ፣ ውሸቱንም አላጋለጠም። በሁለቱም በኩል ሥራውን አልሠራም።

የበዓሉ ግርማ ነገር ደግሞ ይበልጥ ያስገርመኛል። እኒያ እንግዳችን «ኦሮማይ»ን ከከበሩት መጻሕፍት ተርታ አሰልፈውታል፤ ይገባዋልም። ግን መጽሐፉን እስቲ እንደገና ግለጡት። ከአዲስ አበባ ወደ አስመራ የተላከ ጋዜጠኛ አለ። እጮኛውን ትቶ የሚወድቅላት፣ ምስጢሯ የማይታወቅ ቆንጆ አለች። በከተማው ውስጥ የተሸሸገ የጠላት መረብ፣ እርሱን የሚያድን የደኅንነት ክፍል፣ የሚከሽፍ ዘመቻ አለ። ይህ የስለላ ልቦለድ ካልሆነ የስለላ ልቦለድ ምንድን ነው? በዓሉ ይህን ቅርጽ የመረጠው አንባቢ እንዲከተለው ፈልጎ ነው ባይ ነኝ፤ አንባቢም ተከተለው። መጽሐፉ በ1975 ዓ.ም. እንደ ወጣ ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲው ከሥራው ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም። የቀይ ኮከብ ዘመቻን ውድቀት በጥናታዊ ጽሑፍ ጽፎት ቢሆን ኖሮ ስንት ሰው ያነበው ነበር? ገዢዎቹን ያስደነገጣቸው መጽሐፉ እውነት መናገሩ ብቻ አይመስለኝም፤ ሰዎች ሌሊቱን ሙሉ ሳይተኙ የሚያነቡት መሆኑም ጭምር ነው። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ2025 በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ሲወጣ የውጭዎቹ አሳታሚዎች የስለላ ልቦለድ መሆኑን ለመናገር አላፈሩም። እኛ ግን የምንወደውን መጽሐፍ ከዚያ ወገን አውጥተን «ቁም ነገር» ውስጥ እናስገባዋለን፤ ከዚያም ወገኑን መልሰን እንሰድባለን።

አሁን የምንኖርበትን አገር እንመልከት። ጆን ለካሬ እ.ኤ.አ. በ2001 «ዘ ኮንስታንት ጋርድነር» የተባለ ልቦለድ አሳተመ። አንድ የእንግሊዝ ዲፕሎማት ሚስት በቱርካና ሐይቅ አካባቢ ተገድላ ትገኛለች፤ ባልየው ምክንያቱን ሲፈልግ አንድ የመድኃኒት ኩባንያ አዲስ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት በኬንያ ድሆች ላይ ሲሞክር እንደነበር ይደርስበታል። መጽሐፉ በሞይ መንግሥት ላይ ብዙ ስለሚናገር ናይሮቢ ውስጥ በግልጽ ሊሸጥ አልቻለም ነበር። መንግሥት ከተለወጠ በኋላ ብራዚላዊው ፌርናንዶ ሜሬሌስ ወደ ፊልም ሲለውጠው ቀረጻው በዚሁ በኬንያ፣ በኪቤራና በሎያንጋላኒ ተካሄደ። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2005 ወጣ፤ ራሼል ዋይዝም በእርሱ ኦስካር አገኘች። በኪቤራ ጭቃ ውስጥ የሚሮጡትን ልጆች የዓለም ሕዝብ አያቸው።

በድሆች ላይ ስለሚደረግ የመድኃኒት ሙከራ ስንት ዘገባ ተጽፎ ይሆን? አንድ የስለላ ልቦለድ ግን ጉዳዩን ሆስፒታል ውስጥ ተኝቶ መጽሐፍ ለሚያነብ ተራ አውሮፓዊ አደረሰው። ይህ የቅርጹ ኃይል ነው። ድክመቱም እዚያው አለ። የሚያዝነው እንግሊዛዊ፣ የሚመረምረው እንግሊዛዊ፣ ከዳተኛውም እንግሊዛዊ ነው። ኬንያውያኑ ይሞታሉ፤ ወይም ያሳዝናሉ። ለካሬን በዚህ አልወቅሰውም፤ የሚያውቀውን ሰው ጻፈ። የምጠይቀው፣ ይህን ታሪክ በእኛው በኩል ሆኖ በዚያው ፍጥነት የሚተርክ የምሥራቅ አፍሪካ ልቦለድ ከወዴት ይምጣ፣ እኛ ቅርጹን «ማስቲካ» ካልነው?

ሊመጣ የሚችል ነበር፤ ችሎታውም አልጠፋም። ዛንዚባራዊው ሙሐመድ ሰዒድ አብዱላ «ብዋና ምሳ» የተባለ ፒፓ የማይለየው መርማሪ ፈጥሮ በስዋሂሊ የጻፈው የመጀመሪያ ልቦለድ በምሥራቅ አፍሪካ የሥነ ጽሑፍ ቢሮ ውድድር አንደኛ ወጥቶ እ.ኤ.አ. በ1960 ታትሟል። ታንዛንያዊው ኤልቪስ ሙሲባ እ.ኤ.አ. በ1974 ዊሊ ጋምባ የሚባል የራሱን ሰላይ ይዞ መጣ፤ የሚዋጋውም ለእንግሊዝ ንግሥት ሳይሆን ለአፍሪካ ነፃነት ነው። በዚያው ዓመት ኬንያዊው ዴቪድ ማይሉ «አፍተር ፎር ሠርቲ»ን በራሱ ማተሚያ ድርጅት አውጥቶ የቢሮ ጸሐፊዎችን ሕይወት በግጥም ተረከ። መምህራኑ አፍንጫቸውን ያዙ፤ ታንዛንያ መጻሕፍቱን አገደች፤ ሕዝቡ ግን ገዛ። ሜጃ ምዋንጊም አለ፤ የናይሮቢን ጎዳና እንደ እርሱ ያሳየን የለም። ስለ ማኡ ማኡ የጻፈውን አንዱን ልቦለድ ወደ ፊልም የለወጠው ናይጄሪያዊው ኦላ ባሎጉን ነው። ሜጃ ራሱ በፊልም ሥራ ብዙ ደክሟል፤ ግን የነጮቹ የኬንያ ትዝታ በሚቀረጽበት ጊዜ ከቀረጻ ቡድኑ ጋር ሲሠራ ነው ይበልጥ የምናየው። የራሱ ልቦለዶች በመደርደሪያ ላይ ሆነው ደራሲው የሌላ ሰው ታሪክ ሲቀረጽ ያግዛል። ከዚህ የበለጠ የእኛን ሁኔታ የሚገልጥ ሥዕል አላውቅም።

አማርኛ ልቦለድ ወደ ስክሪን አልሄደም ይባላል። ሙሉ በሙሉ እውነት አይደለም፤ በሌላ በር ሄዷል። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው፣ ያ የመጽሐፉ የመጀመሪያው ፊልም ነበር፤ በጆሮ የሚታይ ፊልም። መጽሐፉን ገልጦ የማያውቅ ሰው ጉዱ ካሳን በወጋየሁ ድምፅ ያውቀዋል። ትረካው በካሴት ተቀድቶ ካርቱምም ናይሮቢም ጅቡቲም ደርሷል፤ ዛሬ በስልክ ይደመጣል። ዘግይቶም ቢሆን በቅርብ ዓመታት የቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ ሆኖ መሠራቱ መልካም ነው። ግን መጽሐፉ የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው። ያን ያህል ዘመን ምን ስንጠብቅ ነበር?

ከዚህ ጋር የማይረሳኝ የቃና ቴሌቪዥን ጉዳይ ነው። በ2008 ዓ.ም. ጣቢያው የቱርክንና የሌሎች አገሮችን ድራማዎች በአማርኛ ድምፅ ማቅረብ ሲጀምር፣ ብዙ የኪነ ጥበብ ሰዎቻችን ባህላችን ሊጠፋ ነው ብለው ጮኹ። ጭንቀታቸውን እረዳለሁ፤ እንጀራቸው ነውና። ነገር ግን የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ሆነ። ተመልካቹ ወደ ቱርክ የሸሸው ታሪክ ፍለጋ ነው። ቱርኮችስ ታሪኩን ከየት አመጡት? ከታወቁት ድራማዎቻቸው አንዱ የሆነው «አሽክ-ኢ መምኑ» እ.ኤ.አ. በ2008 ሲጀመር፣ መሠረቱ ሃሊት ዚያ ኡሻክሊጊል እ.ኤ.አ. በ1899 እና በ1900 በተከታታይ ያወጣው ልቦለድ ነበር። ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ መጽሐፍ አቧራውን አራግፈው፣ ወደ ዘመናዊቷ ኢስታንቡል አምጥተው፣ የብዙ አገር ሕዝብ በየቤቱ እንዲቀመጥ አደረጉት። እኛ በጩኸቱ ጊዜ «ሰመመን» መደርደሪያ ላይ ነበር። የብርሃኑ ዘሪሁን ልቦለዶችም እዚያው ነበሩ።

የፊልም ሰዎቻችን ለምን መጽሐፍ አይገዙም? አንድ ፕሮዲዩሰር በግልጽ ነግሮኛል፤ «ለመጽሐፍ ገንዘብ ከምከፍል ታክሲ ውስጥ የሰማሁትን ወሬ አስጽፋለሁ።» ብዙዎቹ የፍቅር ቀልድ ፊልሞች በእርግጥም ታክሲ ውስጥ የተሰሙ ይመስላሉ። የሚከፋው ግን ሌላው ነው። የማውቀው አንድ የወንጀል ልቦለድ ደራሲ፣ ፊልም ቤት ገብቶ የራሱን ታሪክ ከነመደምደሚያው ሲያይ አምሽቷል፤ የገጸ ባሕርያቱ ስም ብቻ ተቀይሯል። ክሰስ ስንለው «ማን ከሰውነት ይቆጥረኛል? እኔ እኮ ተራ ጸሐፊ ነኝ» አለን። ሕጉ አለ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410፣ አንድን ሥራ ወደ ሌላ ቅርጽ የመለወጥ መብት የደራሲው መሆኑን ይደነግጋል፤ ከሞቱም በኋላ ለ50 ዓመት ለወራሾቹ ይቆያል። አዋጁ «ተራ» እና «ታላቅ» ብሎ አይለይም። የለየነው እኛ ነን። ሃያሲው በመድረክ ላይ «ማስቲካ» ያለውን መጽሐፍ ፕሮዲዩሰሩ ቢሰርቀው ምን ይገርማል? ክብር የሌለው ነገር ባለቤትም የለው መስሎ ይታየዋል። ያ ደራሲ ሁለተኛ መጽሐፉን አልጻፈውም፤ ዛሬ የቤት ኪራይ ያሻሽጣል። በዚህ ረገድ የትርጉም ሰዎቻችንም ነፃ አይደሉም፤ የባዕዱን ደራሲ ሳናስፈቅድ እየተረጎምን በራሳችን ላይ ሲደርስ ማልቀስ ያስተዛዝባል።

ባለፈው ወር ኢስሊ ለጉዳይ ሄጄ ሳለ ያንን ፀጉር ቤት ፈልጌ ገባሁ። ልጅቱ ደንበኛ እየሠራች ነበር። ስለዚያ ምሽት ሣቄ ይቅርታ ለመጠየቅ ነበር የሄድሁት፤ እርስዋ ግን ረስታዋለች ወይም የረሳች መስላለች። የያዝሁላትን «ነገም ሌላ ቀን ነው» ስሰጣት ሣቀች።

«ጋሼ፣ ይህንንማ ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ» አለችኝ። «ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ያቺ ሞግዚቷ፣ ማሚ የሚሏት፣ ስሟ ማን ነው?»

«ማሚ ነዋ» አልኋት።

«እሱማ መጠሪያዋ ነው። እናቷ ያወጣችላት ስም ማለቴ ነው። ልጅስ አላት? ባልስ ነበራት? ሁለተኛ ጊዜ ያነበብሁት እሱን ልፈልግ ብዬ ነው።»

የማውቀው አልነበረኝም። ቤቴ ገብቼ አማርኛውንም እንግሊዝኛውንም አገላበጥሁ። ከ1 ሺህ ገጽ በላይ ነው። ስሟ የለም።